ኪስ የምትገባ ካሜራ

ዘርሁን ቡራዩ ገበያ ዳር አሮጌ ካሜራና ራዲዮ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ጠዋት ሲከፍት ይጸልያል፤ ማታ ሲዘጋም ይጸልያል። ሰሞኑን ግን ጸሎቱ ሁሉ ስለ አንድ ነገር ሆኗል፤ ስለ ቤቱ።

ቤቱ ከገፈርሳ ወዲያ፣ ባሕር ዛፍ መሃል ያለች የጭቃ ቤት ናት። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ጉልበቱን ሲጨርስ ኖሮ፣ አምና ከሚስቱ ከደስታነሽ ጋር ጭቃ እየረገጠ ያቆማት ናት። ካርታ የላትም። ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያው ነው፤ ያለ ፈቃድ ተደብቆ የተሠራ ስለሆነ የጨረቃ ቤት ይሉታል። አሁን ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የነበረ ቤት ይተዋል፣ አዲሱ ይፈርሳል የሚል ወሬ መጥቷል። ከማዶ ያሉት አጥሮች ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባ ወዲህ ዘርሁን እንቅልፍ አጥቷል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሰው ገባ። ጎልማሳ ነው፤ ኮት ለብሷል፣ ክላሰር በብብቱ ይዟል። ጫማው ብቻ ጭቃ በጭቃ ነበር። ሰላምታውን ሳይጨርስ ዞር ብሎ በሩን አየና ካሜራ እንደሚፈልግ ተናገረ፤ ትንሽ፣ ኪስ የምትገባ፣ ዋጋዋም የማይጎዳ።

ዘርሁን ደስ አለው። በዚህ በስልክ ዘመን ካሜራ ብሎ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። ያሉትን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረለት።

ሰውዬው አንዷን ያነሳል፣ ሌላዋን ያስቀምጣል። የመጀመሪያዋን ብልጭታዋ አይጠፋም፣ ሰው ያያል ብሎ ተዋት። ሁለተኛዋ ሌንሷ ሲወጣ ትጮሃለች አለ። ሦስተኛዋ ለኪስ ወፈረችበት። ዘርሁንም ለሠርግ ነው ወይስ ለልጅ ልደት ብሎ ጠየቀው።

«ለቤት ነው» አለ ሰውዬው። «ጠባብ መንገድ ላይ ቆሜ ቤቱን ከነጣሪያው ታነሳልኛለች?»

ዘርሁን አጥሮቹ ላይ የተቀባው ቀይ ቀለም ትዝ አለው።

«ስልክዎ አያነሳም እንዴ ጋሼ?»

«የስልኩን አይቀበሉም። ፎቶው ላይ ቀኑ የተጻፈበት ነው የሚፈለገው።»

ዘርሁን እንደ ዋዛ አድርጎ የት ሰፈር እንደሚያነሳ ጠየቀው። ሰውዬው ምን ያደርግልሃል አለው። ደረሰኝ ልጻፍልዎት፣ ስምዎን ይንገሩኝ ቢለው፣ ስም አያስፈልግም አለ። ሰበታም ሱሉልታም ዞሮ የሚሆነውን እንዳጣ፣ ነገሩ ግን ጊዜ እንደማይሰጥ ብቻ ነገረውና እንደገና ወደ በሩ ዞረ።

ዘርሁን ሌላ ላምጣልዎ ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ገባና ለደስታነሽ ደወለላት።

«መጥተዋል» አላት። «የሚፈርሰውን ቤት ፎቶ የሚያነሱት። ካሜራውን ደግሞ ከኔው ሊገዙ።»

 ደስታነሽ ቢሮው ካሜራ ቸገረው ወይ ብላ ጠየቀች። ዘርሁን ተቆጣ። ዘንድሮ ተራ ሰው መስለው ነው የሚመጡት አላት። እንግዲያው አትሽጥለት አለችው። እኔ ባልሸጥለት ከጎረቤት ይገዛል አላት። ይሄኔ ድምፅዋ ሰለለ።

«በል ጸልይ» ብላ ዘጋችው።

ካርቶኖቹ መሃል ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ሲገልጥ መደርደሪያው ጥግ ያለችው ብርማ ካሜራ ታየችው። ፎቶዋ የጠራ ነው፣ ድምፅ የላትም፣ ኪስ ትገባለች። አንድ ነውር ብቻ አለባት፤ ባትሪዋ ወጥቶ በገባ ቁጥር ቀኗን ትረሳለች። ዛሬ ያነሳችውን ፎቶ ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት የተነሳ አስመስላ ትጽፍበታለች። በዚሁ የተነሳ ገዢ አጥታ አቧራ ለብሳለች።

ያንሱ እንግዲህ አለ በልቡ። የኔንም ያንሱ። ቤቴ አለቆቻቸው ፊት አርጅታ ትቅረብ።

እንዳይታወቅበት ቀኗን ለጊዜው አስተካክሎ፣ አቧራዋን ጠርጎ አወጣት። ሰውዬው መንገዱን አነሳባት፣ አገላብጦ አያት፣ ፊቱ ፈካ።

«ቀን ትጽፋለች?»

«ትጽፋለች» አለ ዘርሁን። ውሸት አልተናገረም። እውነቱን ግን እንደዋጠ እሱም ያውቃል፣ እግዚአብሔርም ያውቃል።

ሰውዬው ዋጋው ላይ እስኪሰለች ድረስ ተከራከረ። ዘርሁን ቶሎ ይሂድልኝ ብሎ ቀነሰለት።

ከዚያ በኋላ ሰላም አላገኘም። እራት ቀርቦለት እንጀራውን ሲቆራርስ ቆይቶ ተነሳ። ደስታነሽ ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ አጥሩ ትወጣለች። ማጭበርበሩ ታውቆ ከሆነ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ሱቁም እንደሚሄድ አሰበ። እንዲያውም ሌላው ቤት ቢታለፍ የነሱን በቂም መጥተው ያፈርሱታል።

ሐሙስ ዕለት ሰውዬው ተመልሶ መጣ። ብቻውን አልነበረም፤ ሁለት ጃኬት የለበሱ ሰዎች ከኋላው ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። 

ሰውዬው ካሜራዋን ባንኮኒው ላይ አኖራትና ያነሳውን ፎቶ ከፍቶ አሳየው። ቆርቆሮው ገና የሚያብለጨልጭ ቤት ነው። ሥሩ ላይ የተጻፈው ቀን የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት ነው።

«ባትሪዋን ቻርጅ አድርጌ ስመልሰው ቀኗ ልክ አይደለም» አለ።

ዘርሁን መካድ አልቻለም። ነውሯን እያወቀ እንደሸጠለት ተናገረ። ሱቁ ውስጥ ካሉት የምትሻለዋን አወረደና ጭማሪ አልፈልግም፣ በዚህች ልቀይርልዎት ብሎ ለመነው። «እባክዎ ጋሼ፣ ልጆች አሉኝ» አለ።

ሰውዬው አሮጌዋን ካሜራ አፈፍ አድርጎ ኪሱ ከተተ። በሩን በእግሩ ገርበብ አደረገና ወደ ባንኮኒው ጎንበስ አለ።

«ኧረ አትቀይርብኝ ወንድሜ» አለ በሹክሹክታ። «እነዚህ እንደኔው አዲስ ቤት ያላቸው ጎረቤቶቼ ናቸው፤ እንደዚሁ ቀኗ የተበላሸ ሌላ የለህም?»