የደወሉ ጉድጓድ

ፈሪ ሰው ቤቱን ሳይሠራ የሚፈርስበትን ቀን ያስባል። ሽማግሌው አናጢ ገብረጊዮርጊስ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ዓባይነህም በዚህ ይንቀው ነበር።

ጊዜው የጣሊያን ነው። የልደታ ማርያምን ደወል አቅልጦ ሊወስድ አንድ ሻለቃ ዓይኑን ጥሎበታል። ሳይቀድማቸው አውርደው ሊቀብሩት ሦስት ሰዎች ተማማሉ፤ ገብረጊዮርጊስ፣ ግንበኛው ወልደገብርኤልና የሰንጋ ተራው ከብት ነጋዴ ዓባይነህ። ቢያዙ ስቅላት ነው።

ዓባይነህ ለጣሊያን ወጥ ቤት በሬ ስለሚያቀርብ ኬላው ላይ ወረቀት የሚጠይቀው የለም። ወሬ የሚያመጣላቸው እሱ ነበር።

«ገመዱ ቢበጠስስ?» አለ ገብረጊዮርጊስ። ሁለተኛ ገመድ ተጨመረ።

«ምላሱ ቢጮህስ?» የደወሉ ምላስ በጨርቅ ተጠቀለለ።

«ወታደር ቢመጣስ?» ጣሪያ የሚጠግኑ እንዲመስሉ ቆርቆሮ ተደረደረ።

«ጋሼ» አለው ዓባይነህ፤ «ሚስት ሲያገቡም ‹ብትሞትስ› ብለው ሁለት አጩ?»

«አንዷም የመጣችው ተለምና ነው» አለ ገብረጊዮርጊስ ቋጠሮውን እየፈተሸ። ወልደገብርኤል ሳቀ።

በረዶ ሲጥል፣ ሰው ሁሉ ሲጠለል፣ ደወሉን አወረዱት። መካከል ላይ አንደኛው ገመድ ተበጠሰ። ሁለተኛው ያዘ።

«ፈሪ ይቀናዋል» አለ ዓባይነህ፤ ምራቁንም እንትፍ አለ።

«በሉ እናንተ ቤታችሁ ግቡ» አለ ገብረጊዮርጊስ። «መቅበሩ የእኔና የልጆቼ ነው። ያላያችሁትን ብትገረፉም አታወጡም።»

«አላመነንም ማለት ነው» አለ ዓባይነህ በመንገድ ላይ ለወልደገብርኤል። «እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ራሱ የሚደብቀው ነገር አለው።»

ደወሉ መጥፋቱ ሲታወቅ ወታደሮች ገብረጊዮርጊስን ወሰዱት። በማግስቱ ጭረት ሳይነካው ለቀቁት። ሰፈሩ አጉረመረመ። ጣሊያን ይዞ በደህና የሚለቀው ማንን ነው? ጎረቤት ሰላምታ ነፈገው።

እሱ ግን ያችን ‹ቢሆንስ› አልተዋትም። ዓባይነህን ከአጥሩ ሥር ለብቻው ጠራው።

«ዳግም ብያዝስ? ብሞትስ? አንድ ሰው ማወቅ አለበት» ብሎ ቦታውን በጆሮው ነገረው። ሌላ ቀን ደግሞ ከወልደገብርኤል ጋር ሲንሾካሾክ ታየ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻለቃው አካፋ የያዙ ወታደሮች አስከትሎ ግቢ ገባ። ግራ ቀኝ አላለም። ቀጥ ብሎ ወደ ትልቁ ወይራ ሄዶ ቁፋሮ አዘዘ።

«አላልኳችሁም?» አለ ዓባይነህ ወደ ገብረጊዮርጊስ እየጠቆመ አጠገቡ ለቆሙት። «ቦታውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሸጠን!»

ጎረምሶች ከአጥሩ ድንጋይ አነሱ። ሰላቶዎቹ ይውጡ እንጂ ሽማግሌውን ሊወግሩት ነው። ገብረጊዮርጊስ ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ፤ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ወታደሮቹ እስከ ወገባቸው ቆፈሩ። ሥርና ድንጋይ ብቻ ወጣ። ሻለቃው ተሳድቦ ሰዎቹን ይዞ ሄደ።

ወልደገብርኤል ባዶውን ጉድጓድ አየ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጋሼ፣ ለእኔኮ ከቤተልሔሙ ጀርባ ነው ያሉኝ።»

«አዎ» አለ ገብረጊዮርጊስ። «ወይራው የዓባይነህ ነው።»