ከእጅ የማትበላው ኒውት

ልብስ ሰፊዋ ሹፌሩን አግብታ ቤቱ ስትገባ ሁለት ዓይን አፋሮች ጠበቋት። አንደኛዋ የባሏ ልጅ ናት። ሁለተኛዋ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የምትኖር ኒውት ናት፤ እንሽላሊት የምትመስል፣ ሆዷ ብርቱካናማ የሆነ የውሃ እንስሳ። ሳትታመም ድንገት የሞተችው የልጅቷ እናት ያመጣቻት ነበረች።

የእንጀራ እናት መቼም ስሟ ቀድሟት ነው የሚገባው። ልጅቷ ግን አልሰደበቻትም፤ “እርስዎ” እያለች በአክብሮት አራቀቻት እንጂ። ልብስ ሰፊዋን ከስድብ በላይ ያቆሰላት ይሄ ነው። የአብራኳ ክፋይ የላትም፤ ይህችን ዝምተኛ ልጅ ደግሞ ከልቧ ወዳታለች።

ስለዚህ በኒውቷ በኩል ዞራ ለመግባት አሰበች። የቤት እንስሳት የሚሸጠውን ሰውዬ ሄዳ አማከረችው። መብራቱን ቀንሺላት፣ መደበቂያ አድርጊላት፣ የምትበላውን ትል መጀመሪያ በወረንጦ፣ ስትለምድሽ በጣትሽ ያዢላት አላት። አትቸኩዪ፣ የራበው እንስሳ ሲያፍር አይኖርም ብሎም ሸኛት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የስፌት መኪናዋን ከድና፣ መርፌ ሸሚዟ ላይ እንደተሰካ ገንዳው ፊት ትንበረከካለች። ኒውቷ መደበቂያ እንዲሆናት ካስገባችላት ስባሪ ገንቦ ስር ብቅ ትላለች፣ ትሉን አየት ታደርጋለች፣ ተመልሳ ትገባለች። የንግሥት ኩራት ነው። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትመለከታለች፤ ትሉ ሳይበላ ሲቀር ፊቷ ፈታ ይላል። ልብስ ሰፊዋም ይህን ታያለች።

አንድ ምሽት ወረንጦውን ትታ ትሉን በጣቷ ያዘችው። ኒውቷ ወጣች፣ ቀረበች፣ ጣቷን አሸተተች። ይሄኔ ልጅቷ ሮጣ መጥታ መስተዋቱን በጥፊ መታችው። ኒውቷ ገንቦው ስር ገባች።

“ምን በደልኩሽ?” አለች ልብስ ሰፊዋ።

“ይተዉአት። ከእርስዎ እጅ አትበላም።”

ለባሏ ስትነግረው ልጅ ናት፣ ታገሺ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አላት። እሷም እንቁላሉ እስኪሄድ እኔ ተሰበርኩ አለችው። ባሏ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እህቷ ዘንድ ለመሄድ ወሰነች።

ጠዋት ልጅቷ ሳትነቃ ለመውጣት ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሳሎን ስትደርስ ልጅቷ ቀድማታለች። በሌሊት ልብሷ ገንዳው ፊት ተቀምጣ፣ በወረንጦ ትል በትል ላይ ታቀብላለች። ያቺ ዓይን አፋር ኒውት ያለ አንዳች እፍረት ትውጣለች።

“ለካ በየጠዋቱ የምታጠግቢያት አንቺ ነሽ” አለች ልብስ ሰፊዋ። “ማታ ከእኔ እንዳትበላ ብለሽ?”

ልጅቷ አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

“ይህን ያህል ጠላሽኝ?”

ልጅቷ ሻንጣውን አየችው። ከዚያ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፣ እንባዋም ወረደ።

“እማዬ የሞተችው፣ ኒውቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጇ በበላች ማግስት ነው።”