ከማዶ ያለው ሎሚ

ምድር በየሳምንቱ አንድ እርምጃ መከፈት ከጀመረች ወዲህ ትርንጎ አርፋ ተቀምጣ አታውቅም። ቤቷ ከስንጥቁ ወዲህ ቀርቷል፤ የባሏ የደምሰው መቃብር ከወዲያ። ማዶ ውሃ ስለሌለ፣ መቃብሩ ራስጌ የተከለችውን ሎሚ የምታጠጣው በሁለቱ ዳርቻ መካከል በሚዞር ገመድ ጀሪካን እየላከች ነው። ከማዶ የምትስበው የደምሰው ታላቅ እህት ጥሩነሽ ናት።

በከተማው ገመድ ካለቀ ቆይቷል፤ ዘመድ ወይም ንብረት ማዶ የቀረበት ሰው ብዙ ነውና። ስለዚህ ገመዱ ባጠረ ቁጥር ትርንጎ የደምሰውን ልብስ እየቀደደች ትቀጥልበታለች። ካፖርቱ አልቋል፤ ሱሪዎቹም።

"ገመዱ ሊበጠስ ነው!" አለች ጥሩነሽ ከማዶ። "ደግሞ ወንድሜ በሕይወቱ ጠላ እንጂ ውሃ ሲጠጣ አላየሁም።"

"ትንሽ ታገሺኝ፣ እትዬ።"

ትርንጎ ቤት ገባች፣ ወጣች፣ ተመልሳ ገባች። የቀረው ለብሳው የምትተኛው ጋቢው ብቻ ነበር። ጠረኑ አልለቀቀም። ቀደደችው፣ ገመዱን ፈትታ ቀጠለችው፣ ጀሪካኑንም እዚያው ላይ አሰረች።

ጥሩነሽ ስትስብ ቆይታ ጋቢው እጇ ሲገባ ቆመች። አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው።

"የሚመጣው ሳምንትስ?" አለች በመጨረሻ።

ትርንጎ ቀሚሷን ቁልቁል አየች።

"የእኔ ልብስ ገና አልተነካም፣ እትዬ። አጠጪው።"