አረንጓዴው እስክሪብቶ

በሩ ተበርግዶ ጋሼ መዝገብ እያለከለኩ ሲገቡ የሳጅኗ ልብ ዘለለ። ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗን ከዚያ በር ላይ አልነቀለችም። ሽማግሌው በፌስታል የተጠቀለለ ወፍራም ደብተር እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ታቅፈዋል።

ጋሼ መዝገብ እውነተኛ ስማቸው አይደለም፤ የጣቢያውን መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስለያዙ የወጣላቸው ነው። የፖሊስ መተዳደሪያ ደንቡ የተከሰሰ አባል አንድ ባልደረባውን ይዞ እንዲቀርብ ይፈቅድለታል፤ እሷም የመረጠችው እሳቸውን ነው። ስላረፈዱ ይቅርታ ጠየቁና የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ዛሬውኑ ሰው ደብቆባቸው እንደነበር ተናገሩ። ይህን ሲሉ ጥግ ላይ የተቀመጠውን የጣቢያውን አዛዥ በዓይናቸው ገረፍ አደረጉት።

ከጠረጴዛው ማዶ ሦስት የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። ከፊታቸው የሳጅኗ መታወቂያ ባዶ ፖስታ ላይ ተጋድሟል። ዛሬ ወይ ወደ ኪሷ ይመለሳል፣ ወይ በፖስታው ታሽጎ መሳቢያ ይገባል። መሳቢያ ከገባ የዘጠኝ ዓመት ፖሊስነቷ አከተመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር የአዛዡን የሚስት ወንድም መኪና ገጭ አድርጎ ታሰረ። ሕጉ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ሰውዬው ግን ሦስተኛ ቀኑን ያዘ። የዚያን ቀን ተረኛዋ እሷ ነበረች። አዛዡ ስልክ ደወለና እስከ ሰኞ እዚያው ይቆይ፣ ትንሽ ልብ ይግዛ አላት። እሷ ደግሞ ሕጉ አይፈቅድልኝም ብላ በዋስ ለቀቀችው። ሕገወጥ ትእዛዝ የደረሰው ፖሊስ አልፈጽምም ማለት ይችላል፤ ግን ምክንያቱን ወዲያው ለአለቃው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። እሷም አንድ በአንድ የዕለት ሁኔታ መዝገቡ ላይ ጻፈችና ተረኝነቷን አስረክባ ወጣች። መዝገቡን ጠዋት ጠዋት የሚፈርመው አዛዡ ነው፤ በማግስቱ ያንን ገጽ መፈረም አለመፈረሙን ግን አላየችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

አዛዡ ግን እስረኛ ያለፈቃድ ለቀቀች ብሎ ከሰሳት፤ ማዘዙንም ሽምጥጥ አድርጎ ክዷል። አልደወልኩም፣ በጽሑፍም የደረሰኝ ነገር የለም፣ ሹፌሩን ለምን እንደለቀቀችው እሷው ታውቃለች አለ። ይህች “እሷው ታውቃለች” ሳጅኗን አንገበገበቻት። ጉቦ በልታ ነው ማለቱ እኮ ነው።

ሰብሳቢዋ ፀጉሯ ገብስማ የሆነ፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ጋሼ መዝገብ ያመጡላትን የዕለት ሁኔታ መዝገብ ሳትከፍት መዳፏን ጫነችበት።

“ምናልባት ሥራ በዝቶብዎት ያንን ገጽ ሳያዩት አልፎ ይሆን?” ብላ አዛዡን ጠየቀችው።

ሰውዬው እሺ ብሎ ቢቀበል ኖሮ በተገላገለ። ኩራት አላስቻለውም።

“በእኔ ጣቢያ?” አለ ደረቱን ነፍቶ። “በእኔ ጣቢያ አንዲት መስመር ሳላነብ አታልፍም። ጠዋት ጠዋት ሙሉውን አነባለሁ፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ እፈርማለሁ። ከእኔ በቀር አረንጓዴ የሚነካ የለም። እሷ የምትለው ተጽፎ ቢሆን ያንኑ ጠዋት አስጠራት ነበር።”

ሳጅኗ ዘላ እንዳትነሳ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨበጠች። ሰውዬው ጠዋት እንዴት እንደሚፈርም ጣቢያው ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ጉድ ነው። በአንድ እጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ፣ በሌላው ገጽ እየገለጠ ይሞነጭራል። አንድ ጊዜ ጋሼ መዝገብ ለቀልድ የኳስ ጨዋታ ፕሮግራም መሃሉ ላይ ቢከቱበት፣ እሱንም “አይቻለሁ” ብሎ ፈርሞበታል። ግን ያንን ገጽስ? በዚያ ጠዋት ሥራ ገብቶ ፈርሞበት ይሆን?

“የተናገሩት ይመዝገብ” አለች ሰብሳቢዋ ለጸሐፊው። ከዚያ ጣቷን አራሰችና ገጾቹን መግለጥ ጀመረች። ሰብሳቢዋ አንድ ቦታ ቆመች፣ መነጽሯን አስተካከለች፣ ድምጿን ሳትለውጥ አነበበች።

“ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። አዛዡ እስረኛው እስከ ሰኞ እንዲቆይ በስልክ አዘውኛል። አርባ ስምንት ሰዓት ስላለፈው ሕግ እንደማይፈቅድልኝ ነግሬያቸው በዋስ ለቅቄዋለሁ።”

ደብተሩን ወደ አዛዡ አዞረችው። ከጽሑፉ ሥር፣ ግማሽ ገጽ የያዘ ፊርማ። ከፊርማው በላይ “አይቻለሁ። ትክክል ነው።” ይላል፤ በአረንጓዴ።

የሳጅኗ አንጀት ቅቤ ጠጣ። እልል ልትል ምንም አልቀራት።

“እንግዲህ ይንገሩን” አለች ሰብሳቢዋ። “አንብበው ነው የፈረሙት ወይስ ሳያነቡ?”

አዛዡ ገጹን አየ፣ ጸሐፊውን አየ፣ ደረት ኪሱ ላይ የተሰካውን እስክሪብቶ በእጁ ሸፈነው። አንብቤያለሁ ቢል አልደረሰኝም ማለቱ ውሸት፣ አላነበብኩም ቢል የአሁኑ ፉከራው ውሸት። ጠዋት ጠዋት እንኳ ሥራ ይበዛል ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ጋሼ መዝገብ ድንገት ሳል ይዟቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኮሚቴው ለመመካከር ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ክሱ ተዘጋ፤ የአዛዡ ነገር ለብቻው እንዲታይ ተባለ። ሰብሳቢዋ መታወቂያውን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ ለሳጅኗ መለሰችላት። ሳጅኗ አንስታ ጨበጠችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን አላፈረችም።

ወንበሮች ተንኳኩ፣ ሰው ሁሉ ቆመ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን አመጣላትና የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ፣ የምትፈርምበትን ባዶ ቦታ በጣቱ አሳያት።

“በይ ፈርሚና እንሂድ ልጄ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀሽ ነው” አሉ ጋሼ መዝገብ።

እሷ ግን ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች። ወረቀቱን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰች፣ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች፣ ማንበብ ጀመረች።