ድንበር ላይ የተሠራችው ቤት

"ይሄ ደራሲ ውሸታም ነው!"

አስሙንድ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ረቂቁን በጥፊ መታው።

ጊዜው 1911፣ ቦታው ሰሜን ዳኮታ ነው።

አስሙንድ የማተሚያ ቤት አንባቢ ነው። የኖርዌይ ስደተኞች የሚጽፉትን ልብ ወለድ "ይታተም" ወይም "ይመለስ" የሚለው እሱ ነው። ሊቅ ነው... ቢያንስ ራሱ እንደዚያ ያስባል።

"ኤች. ብሬኬ" የሚባል ደራሲ ረቂቅ ልኮለት፣ አስሙንድ ሊያነጋግረው ከሚኒያፖሊስ ከተማ በባቡር መጣ።

ከጣቢያው የተቀበሉት ግን አንዲት አሮጊት ናቸው።

"ምን ዋሸ ልጄ?" አሉት ፈረሱን እየነዱ።

"እማማ፣ ሁለት እህትማማቾች የየመሬታቸው ድንበር ላይ አንድ ቤት ሠሩ ይላል! አንዷ ምሥራቅ፣ አንዷ ምዕራብ ይተኛሉ... መስመሩ መሃላቸው ያልፋል! የትኛው እብድ ነው እንዲህ የሚሠራ?"

"ሌላውስ?"

"ሌላውማ አስለቅሶኛል። ግን የከተማ ሰው በተረት ስንቴ ይሳቅብን? ፊት ለፊት ነግሬው ረቂቁን እመልስለታለሁ።"

አሮጊቷ ልጓሙን ሳብ አድርገው ፈረሱን አቆሙ።

"ደረስን፤ ግባ።"

ገና አረፍ ከማለቱ ከቤቱ ወዲያኛው ጫፍ፣ ካልጋ ላይ ድምፅ መጣ...

"ሃልዲስ! እንግዳውን የማን መሬት ላይ አስቀመጥሽው?"

"የኔ ላይ!"

"እንግዲያው ገንፎውን አንቺ አብዪው! የኔ መሬት ላይ ሲቀመጥ እኔ አበላዋለሁ!"

አስሙንድ ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ መስመሩን ፈለገ።

አሮጊቷ ሳቁ።

"እህቴ ጉንቮር ናት። መንግሥት ለየራሳችን መሬት ሰጠን። 'አምስት ዓመት በየራሳችሁ መሬት ላይ ካላደራችሁ ትነጠቃላችሁ' አለን። እንጨታችን የሚበቃው ለአንድ ቤት... ምን እናድርግ? ድንበሩ ላይ ሠራነው! መሬቱ ከጸደቀልን ሃያ ዓመት አለፈ፤ እሷ ግን ዛሬም ድንበር ትጠብቃለች።"

"ኤች... ሃልዲስ? ደራሲው እርስዎ ነዎት?!"

"'ሴት ናት' ብላችሁ ሳታነቡት እንዳትጥሉት ስሜን አሳጠርኩት። አሥራ አንድ ክረምት ጽፌዋለሁ ልጄ። በል ፊት ለፊት ንገረኝ... ውሸታም ነኝ?"

አስሙንድ ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"ውሸታሙስ እኔ ነኝ እማማ... ያላየሁትን 'የለም' ያልኩት።"

እርሳሱን አወጣ። "ይታተም" ብሎ ጻፈ። "ኤች"ን ሰርዞ "ሃልዲስ" ብሎ ጻፈበት።

"የኔስ ስም?!" ጮኹ ጉንቮር ከመሬታቸው።

መጽሐፉ በጸደይ ወጣ... ዳኮታ ያለ ኖርዌጂያን ሁሉ ተቀባብሎ አነበበው! አያቴ እጅ የደረሰው ቅጂ ሽፋኑ አልቆ ነበር።

ወዳጆቼ፣ እኛ አላየነውም ማለት አልሆነም ማለት አይደለም። የኖረበትን ሰው ሳንጠይቅ አንፍረድ።

እናንተስ... የገዛ ሕይወታችሁን ስትናገሩ "ውሸት ነው" ያላችሁ ሰው አለ? ምን መለሳችሁለት? ኮሜንት ላይ አውጉን 👇