መዶሻ በሚካኤል ዕለት

መዶሻውን ሳነሳ ክፍሉ ጸጥ ይላል። እስካሁን ሲስቁብኝ ነበር፤ በጫማዬ፣ በአነጋገሬ፣ ጥቁር ሰሌዳው ደጋግሞ እግሬ ላይ በመውደቁ።

"ቲቸር፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው" ትላለች ከፊት የተቀመጠችው ወንጌላዊት። አትለምነኝም፤ እያስጠነቀቀችኝ ነው።

"ሚካኤል ሰሌዳ አይጠላም።"

ሚስማሩን እመታለሁ። ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ዳይሬክተሩ ጠዋት እንዲህ ብሎኛል፦ "በዓል ስለሆነ እርሻ የለም፤ ክፍሉ ሞልቶልሻል። ነገ ሁሉም ለአረም ወደ ማሳ ይወርዳሉ፤ ከግድግዳው ጋር ትቀሪያለሽ።" ስለዚህ ያለኝ ዛሬ ነው። ያለ ሰሌዳ ደግሞ ፊዚክስ አላስተምርም።

ከኋላ ያሉት ጎረምሶች ተነስተው ይወጣሉ።

"ተቀመጡ።"

አንዱ በሩ ላይ ዞር ይላል። "አንቺማ የማርቆስ ከተማ ልጅ ነሽ። እህል የምትገዢው ከገበያ ነው።"

ሰሌዳው ዘመም ብሎ ተሰቀለ። ጠመኔ ሳነሳ አያ ደምለው ይገባሉ፤ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ከቅዳሴ መምጣታቸው ነው፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው።

"ማነው የመታው?"

"እኔ ነኝ። ሰሌዳ እየሰቀልኩ ነበር።"

"ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተሰማ። እኛ በሚካኤል እንጨት የፈለጠን እንቀጣለን፣ በረዶ ይጠራል ብለን። ገብሱ አሽቷል። አላየሽውም?"

"በረዶ በመዶሻ አይመጣም፣ አያ ደምለው። እርጥብ አየር ወደ ላይ ሲገፋ ይቀዘቅዝና…"

"አስተማርሽን።" የፊተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጆቹ ይጠጉላቸዋል። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋድማሉ። "የአምናውን አስተማሪ ሻንጣ እስከ መኪና መንገድ ተሸክመንለታል። ያንቺም አይከብደንም።"

ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ያገኘሁት ቦታ ነው።

"እስኪ ልጀምር" እላለሁ።

"ምን ያስቸኩልሻል?" በአገጫቸው መስኮቱን ያሳዩኛል። መስታወት የለውም። የጮቄ ተራራ ራስ አይታይም፤ ጥቁር ደመና ወደ እኛ ቁልቁል እየመጣ ነው። የወጡት ጎረምሶች አጥሩ ሥር ቆመው ሽቅብ ያያሉ። "ዝናብ ከሆነ ታስተምሪያለሽ። በረዶ ከሆነ ሻንጣሽን ሲያወጡ እነዚያን ልጆች አላስቆምልሽም።"

ነፋሱ በሩን ያላትመዋል። ክፍሉ ይጨልማል። ሁሉም፣ ወንጌላዊትም ጭምር፣ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ አንጋጠዋል። ደመና መቼ ዝናብ፣ መቼ በረዶ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ተፈትኜበታለሁ፣ ኤ አግኝቼበታለሁ።

ቆርቆሮው ላይ አንድ ነገር ጠብ ይላል። ውሃ ይሁን የበረዶ ጠጠር አልለየሁትም።

በአንድ እጄ ጠመኔ፣ በሌላው መዶሻ እንደያዝኩ ሁለተኛው እስኪወድቅ አዳምጣለሁ።