ከደወሉ በፊት የሚሰገደው

የባንኮኩ የቦክስ ሻምፒዮን አሰልጣኙን መጠርጠር ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል። ሽማግሌው ፕራሰርት በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሹልክ ብለው ይጠፋሉ። አንድ ቀን ተከትሏቸው ሲሄድ፣ የገቡት የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ሊነጥቀው ከሚመጣው ወጣት ቦክሰኛ ግቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሳቸው የሚሰጡትን ውሃ እንኳ፣ ዞር ሲሉ ጠብቆ ይደፋዋል።

የግጥሚያው ቀን ደረሰና ሁለቱም መድረክ ላይ ወጡ። በእግር ጭምር በሚመታበት በታይላንድ ቦክስ ማንኛውም ተፋላሚ ከመማታቱ በፊት ላስተማረው ሰው ይሰግዳል። ወጣቱ ግን ለራሱ አሰልጣኝ ጀርባውን ሰጥቶ መጣና ሻምፒዮኑ እግር ሥር ሦስት ጊዜ ሰገደ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ መምህር?» አለ ሻምፒዮኑ ደንግጦ ወደ ፕራሰርት እየዞረ።

«ያንተን ግጥሚያ እያየ ነው ያደገው። ‹መምህሬ እሱ ነው፤ አሰጋገዱን ያሳዩኝ› ብሎ ለመነኝ» አሉ ፕራሰርት፣ ለስግደቱ የሚደረገውን የክብር ጥምጥም ከሻምፒዮኑ ራስ ላይ እያነሱለት። «አንተ ግን በውሃዬ ዛፍ ታጠጣበታለህ።»

ሻምፒዮኑ በሐፍረት አንገቱን ደፋ። ደወሉ ሲደወል፣ የሰገደልኝን ልጅ እንዴት አድርጌ ልምታው እያለ ለቅጽበት እጁን ዝቅ አደረገ። የወጣቱ እግር ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ።

ዓይኑን ሲገልጥ ዳኛው አስር ቆጥሮ ጨርሷል። ፕራሰርትን በዓይኑ ፈለጋቸው። በወዲያኛው፣ በወጣቱ ጥግ ቆመው፣ በሻምፒዮኑ ፎጣ የወጣቱን ላብ ይጠርጋሉ።